በሶፋው ስለቀለድኩብሽ

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣ ለድምቡሼ፤

እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ምግብ ይወርድልሻል? ያ እንደ አሮጌ በር የሚንቋቋው ጉልበትሽስ? እንቅልፍሽስ እንዴት ነው? የመጨረሻውን የጠየቅኩሽ ለወግ አይደለም፤ እውነቱን ማወቅ ፈልጌ ነው። እኛ ሁላችን ደህና ነን። እናትሽ ትናንት ከጎረቤቷ ጋር ስለ አጥር ስትጨቃጨቅ ድምጿ ሦስተኛው ቤት ድረስ ይሰማ ነበርና ጤንነቷን ከዚያ እወቂው። እኔም ጥርሶቼ ከመቀነሳቸው በቀር አለሁ።

ስልክ ስለማታነሺልኝ ነው የምጽፍልሽ። ሁለት ደብዳቤ ጀምሬ ቀድጃለሁ፤ መልሼ ሳነባቸው ቀልድ ብቻ ሆነው አገኘኋቸው።

ባለፈው ወር የደወልሽ ቀን ሱቅ ውስጥ ሶፋ ስጠግን እጄ ማስቲሽ በማስቲሽ ስለነበር ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ስፖንጁ ላይ አስቀምጬው ነበር። ይህን አልነገርኩሽም። ጠዋት ከአልጋ መነሳት ተራራ እንደሆነብሽ፣ መሥሪያ ቤት መጸዳጃ ቤት ገብተሽ እንደምታለቅሺ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ቀጠሮ እንደያዝሽ ነገርሽኝ። "ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ ጋሼ?" አልሽ። አናጢውና ጨርቅ ሰፊዋ ሥራቸውን አቁመው ያዳምጡ ነበር። እኔ ደግሞ ሰሚ ሳገኝ ምን እንደምሆን ታውቂያለሽ። "ሶፋ ላይ ተጋድሞ ለማውራት ከሆነማ ምን አደከመሽ፣ እኛ ዘንድ ሞልቷል! አናጢው ደብተር ይዞ ይቀመጥልሻል" አልኩ። እሱም ከወዲያ "የላላ ብሎን ካላትም አጠብቅላታለሁ በላት!" ብሎ ጮኸ። ቤቱ በሳቅ አወካ። አንቺም ሳቅሽ። "እውነትህን ነው፣ ሥራ ፈትቼ ነው" ብለሽ ዘጋሽው። እኔ አጽናናኋት ብዬ ቀኑን ሙሉ እያፏጨሁ ዋልኩ።

በሳምንቱ እናትሽ መጥታ ቀጠሮውን እንደሰረዝሽው፣ ከሥራ ከቀረሽም ቀናት እንዳለፉ ከወንድምሽ እንደሰማች ነገረችኝ። "አንተን እኮ ነው የምትሰማው፤ ምን ብለሃት ነው?" አለችኝ። "ምንም" አልኳት። እህቴን ዓይን ዓይኗን እያየሁ ዋሸኋት።

ደግሞ ውሸቴ ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ባለቤቴ፣ አክስትሽ፣ ያረፈች ዓመት ወገቤን ታምሜ አራት ወር ሱቁን የዘጋሁትን ታስታውሺያለሽ? ስምንት ዓመትሽ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ቦርሳሽን እንኳ ሳታወርጂ በዚያች ሚጢጢ እጅሽ ቅባት ታሺኝ ነበር። "ዛሬስ ተሻለህ?" ትዪኝ ነበር። ድምቡሼ፣ ወገቤን አሞኝ አያውቅም። መነሳት አቅቶኝ ነው። የአክስትሽ ጃኬት የተሰቀለበትን ግድግዳ ሳይ ነበር የምውለው። ሰው ወገቤን አመመኝ ቢል ሾርባ ይዘውለት ይመጣሉ፤ መኖር ከበደኝ ቢል ምን ይዘውለት እንደሚመጡ አላወቅኩም። እናም አንቺ ጤነኛ ወገብ ስታሺ ከረምሽ። ያኔ እኔን ያስፈልገኝ የነበረውን አንቺ ፈልገሽ አግኝተሽ ስታማክሪኝ፣ ከሰው ሁሉ ይልቅ ሊገባኝ ሲገባ አሾፍኩብሽ።

ማክሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ምን እንደሚያደርጉ አይቼ ልነግርሽ እንጂ ለራሴ አልነበረም። የሚያውቀኝ ሰው ካየኝ ወንበራቸውን ልለካ መጥቼ ነው እንድል ሜትር ኪሴ ከትቼ ነበር። ባለሙያዋ የአንቺ እኩያ ትሆናለች። ሶፋ የሚባል የላትም፤ አንድ ጠረጴዛና ሁለት የእንጨት ወንበር ብቻ፣ የእኔው ደግሞ እግሩ ይወዛወዛል። ያንቺን ነገር አጫወትኳት። በመሃል ሦስት ቀልድ ጣል አደረግኩ፤ በሁለቱ ሳቀች። ከዚያ "እርስዎስ እንዴት ነዎት?" አለችኝ። አራተኛ ቀልድ ልጀምር ብዬ ተውኩት። ስለ ጃኬቱ ነገርኳት፤ ዛሬም እዚያው ተሰቅሎ እንዳለ። አልመከረችኝም፣ መድኃኒትም አላዋጠችኝም፣ ሰማችኝ። ለመጪው ማክሰኞ ቀጥራኛለች፤ እሄዳለሁ።

ከዚያ በቀጥታ እናትሽ ዘንድ ሄጄ ምን እንዳልኩሽ ተናዘዝኩ። እስካሁን አላናገረችኝም፤ ይበለኝ።

ልሂድ ወይ ብለሽኝ ነበር። መልሴ ወር ዘግይቶ ይኸው፦ ሂጂ። ቀጠሮውን መልሰሽ ያዢ። የመጀመሪያዋ ባለሙያ ካልተስማማችሽ ሌላ ፈልጊ። ይቅር በዪኝ ብዬ በላይሽ ሸክም አልጨምርም። ከተቀየምሽኝ ተቀየሚኝ፣ ግን ተቀይመሽም ቢሆን ሂጂ።

ለወንድምሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። የቀጠሮሽ ቀን እስከ በሩ ይሸኝሽ፤ እምቢ ካለ በልጅነቱ ምን ብለን እንደምንጠራው ለሚስቱ እጽፍላታለሁ። ለእሷም፣ ምግብ በርሽ ላይ እያስቀመጠች መሄዷን ሰምቻለሁና፣ እጅ ነስቻለሁ በያት። ትንሿን ልጃቸውን ጉንጯን ሳሚልኝ። ምን ሆነሽ ነው የምትተኚው ብላ ከጠየቀችሽ፣ እውነቱን ንገሪያት።

የሚወድሽ አጎትሽ
ከሶፋ መጠገኛው ቤት፣ መጋቢት ፲፱ ቀን