ሰላምታ የሌለበት ሳምንት

ሰኞ፣ ሰሙነ ሕማማት

ወንድሜ አያ ደምሴ ዛሬ ሰው ፊት “አንተ ጋዜጣህን ጻፍ፤ ሥጋውን ለእኛ ተው” አለኝ። ሰው ሳቀ።

በየዓመቱ ለፋሲካ ሰፈራችን በቅርጫ አንድ በሬ ያርዳል። ሰብሳቢው እሱ ነው። ስምንት ቤት ነበርን፤ አንዱ ወረታን ለቆ ስለሄደ መደቡ ክፍት ሆኗል። አጥር ለአጥር የምንዋሰነውን አለምነውን እናስገባው አልኩ። አለምነው ብረት ቀጥቃጭ ነው፤ ሚስቱ የሺ ሸክላ ትሠራለች። ገበሬው የሚያርስበት ማረሻ፣ ውሃ የምንቀዳበት እንስራ ከዚያ ግቢ የወጣ ነው።

“ቡዳ” የምትለውን ቃል አንድም ሰው አላነሳትም። አንዱ መደቡ ተይዟል አለ። ሌላው በሬው ትንሽ ነው አለ፤ በሬው ገና አልተገዛም። አያ ደምሴ ግን ዙሪያ ጥምጥም አልሄደም። የእነዚያ ዓይን ያረፈበትን ሥጋ ልጆቼን አላበላም ብሎ ጨረሰው።

“እንግዲያው የእኔንም መደብ ሰርዘው” ብዬ ወጣሁ።

ማክሰኞ

ማን እንደተጣላኝ ማወቅ አልቻልኩም። ይሁዳ ጌታን በመሳም አሳልፎ ስለሰጠ በዚህ ሳምንት ሰላምታ የለም፤ አንሳሳምም፣ እጅ አንጨባበጥም። ስለዚህ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ያልፈኛል። የሚጾመውም የጠላኝም መልካቸው አንድ ነው። ለቂመኛ ከዚህ የተመቸ ሳምንት የለም።

አያ ደምሴ የሩዝ ወፍጮው ቤት ጋ ሲያልፈኝ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ስቦ ነበር። እሱስ ለጾሙ ብሎ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኔም ፊቴን አዞርኩ፤ ለጾሙ ብዬ አልነበረም።

ረቡዕ

አለምነው ሰምቷል። አጥሩ ጋ ጠራኝ። ሊያመሰግነኝ መስሎኝ ነበር።

“ጋሼ፣ ጠይቁልኝ ብዬ ልኬዎት ነበር?” አለ። “እኔ በቤቴ ተከብሬ ተቀምጫለሁ። እርስዎ ሰው ፊት አንስተው ጣሉኝ።”

የሺ ጭቃ ከምታቦካበት ጥግ ቀና ሳትል ጨመረችልኝ።

“ጎረቤታችን ከሆኑ ሦስት ዓመትዎ ነው። ከቤቴ ውሃ ቀምሰው ያውቃሉ?”

አላውቅም። ሁሌ ምክንያት አላጣም፤ ጾም ነው፣ ጠግቤያለሁ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው። ዛሬም አንዱን ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሷም አውቃ ነው መሰል ፈገግ አለች። ደስ የማይል ፈገግታ ነው። ቀኑን ሙሉ ተናድጄባት ዋልኩ።

ከሰዓት የአያ ደምሴ ሚስት የቅርጫውን ቢላዎችና መጥረቢያ ይዛ መጣች። በየዓመቱ የሚስላቸው አለምነው ነው። ዘንድሮ እጁን ሳይዘረጋ መለሳት።

“ይዘሽልኝ ሂጂ፣ ዓይኔ እንዳያርፍባቸው።”

እኔ ከአጥሬ ጀርባ ሆኜ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ሐሙስ

ጸሎተ ሐሙስ። ቄሱ ጎንበስ ብለው የምዕመናኑን እግር አጠቡ። አያ ደምሴ ከፊት ተቀምጦ ነበር፤ እግሩን ሲዘረጋ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እውነተኛ እንባ ነው፤ ያንን አልክድም።

ውሃው የመጣበት እንስራ የየሺ ነው። አንገቱ ላይ በጥፍሯ የምታዞረውን መስመር አውቀዋለሁ። እሷና ባሏ ግን ከቅጥሩ ዳር፣ ዛፉ ሥር፣ ከሰው ተለይተው ቆመዋል። ማንም ሂዱ አላላቸውም። ማንም ኑም አላላቸውም።

ዕድሜዬን ዜና ስጽፍ ኖሬያለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ፍርዱን ለአንባቢ እተው ነበር። ዛሬ ግን እዚያው ቆሜ ፈረድኩ። ጌታ ጎንበስ ብሎ እግር ያጠበበትን ቀን እናከብራለን፤ እኛ ግን እንኳን ጎንበስ ልንል፣ ሰው አጠገባችን ሲቆም እንሸሻለን።

ጉልባን ለብቻዬ በላሁ። ባቄላው አልበሰለም።

ዓርብ፣ ስቅለት

ሲሰገድ ዋለ። ጉልበቴ ከድቶኛል። ሲያበቃ እንደ ደንቡ ለጥብጠባ ተሰለፍን። የነፍስ አባቴ አባ ወልዴ በወይራ ቅጠል ጀርባዬን መታ መታ እያደረጉ ኃጢአቴን ጠየቁኝ።

“ወንድሜን ጠልቻለሁ፣ አባ።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከሰኞ።”

“ከሰኞ በፊትስ ትወደው ነበር?”

ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

“ስግደት አልሰጥህም” አሉ። “እሁድ መጀመሪያ የምትስመው እሱን ይሁን።”

“ጠልቼው ብስመው የይሁዳ መሳም አይሆንም?”

“ይሁዳ ስሞ ሄደ። አንተ ስመህ ቆይ።”

አራት መቶ ስግደት ቢሰጡኝ በወደድኩ።

ቅዳሜ

ቀጤማ ታደለ፤ እኔም ግንባሬ ላይ አስሬ ስመለስ አያ ደምሴ ከይፋግ ገበያ በሬ ነድቶ ሲገባ አየሁት። ቀይ፣ ቀንዱ አጭር፣ ጥሩ የፎገራ በሬ ነው። መጥፎ በሬ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ከሱቅ የሚያብረቀርቁ ቢላዎች ገዝቷል። ለጎረቤት እያሳየ፣ ድምፁ አጥር እንዲሻገር አድርጎ፣ የቀጥቃጭ ዘመን አበቃ አለ። አለምነው ግቢው ውስጥ ለፋሲካ የገዛውን በግ ውሃ እያጠጣ ነበር። ሰምቷል። ለበጉ “ጠጣ፣ አንተ ምን ቸገረህ” አለው።

እሁድ፣ ፋሲካ

ከቅዳሴ ስንወጣ አያ ደምሴን በሰው መሃል ፈልጌ ያዝኩት። “እንኳን አደረሰህ” ብዬ ሦስቴ ሳምኩት። አንገቱ እንጨት ነበር። “እንኳን አብሮ አደረሰን” አለ፣ ሌላ ሰው እያየ። የእኔም ልብ አልሞቀም። ግን ቆይ ተብያለሁና አልሄድኩም፤ ወደ እርዱ ተከተልኩት።

የሱቁ ቢላ ቆዳው ላይ ደህና ሄደ። መገጣጠሚያው ላይ ሲደርስ ተጠማዘዘ። ሁለተኛው እጀታው ወለቀ። ፀሐይ ወጣች፤ ዝንብ መጣ። ሁሉም የሚያስበው አንድ ስም ነው፤ የሚጠራው ግን የለም። እኔም አልጠራሁም። እውነቱን ልጻፍ፤ እየተደሰትኩ ነበር።

በመጨረሻ አያ ደምሴ እጁን በሣር ጠርጎ ወደ አለምነው አጥር ሄደ። ተከተልኩት። አለምነው ነጭ ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል። በፋሲካ ጠዋት ሰላም ሳይሉ ቢላ አውሰኝ አይባልም። ወንድሜ ቆመ፤ ቆመ። ከዚያ አንገቱን ዘርግቶ ሳመው። ሦስቴ። ሳምንቱን ሙሉ ከይሁዳ መሳም ስንሸሽ ሰንብተን የቢላ መሳም ላይ ደረስን። ይህኛውን አባ ይፍረዱት፤ እኔም ጠዋት የሳምኩት ታዝዤ ነው።

አለምነው መልሶ ሳመው።

“ቢላዬ ያለ እኔ አይሄድም” አለ።

መጥቶ መገጣጠሚያውን እንደ ቋጠሮ ፈታው። ሥጋው ቅጠል ላይ ሰባት መደብ ሆኖ ተደረደረ። ከዚያ ዕጣ ነው። እያንዳንዱ ቤት ምልክት ይሰጣል፤ ስንጥር፣ ጠጠር፣ ገለባ። አያ ደምሴ ለእኔም ጠጠር ይዞልኝ ነበር፤ አልሰረዘኝም። ዕጣውን የሚጥለው መደብ የሌለው ሰው መሆን አለበት። ዞር ዞር ብለን አየን። ከመካከላችን መደብ የሌለው አንድ ሰው ነው።

አያ ደምሴ ምልክቶቹን ሰብስቦ በአለምነው መዳፍ ላይ አደረገ። አለምነው አልቸኮለም። እያንዳንዱ መደብ ላይ ጎንበስ እያለ፣ ሆን ብሎ አትኩሮ እያየ፣ አንድ አንድ ምልክት አኖረ። መደቡን ጥሎ የሄደ ሰው የለም።

“ጋሼ፣ በጉ ደርሷል። ይመጣሉ?” አለኝ።

ሄድኩ። የሺ ስጎርስ ቆማ እጄን ታያለች። “ምክንያት አለቀብዎት?” አለች። አልቋል አልኳት። ሁለተኛውን እሷ አጎረሰችኝ፤ ትልቅ ነበር፣ በቀል ያለበት ይመስላል።

ጥቂት ቆይቶ አያ ደምሴ አጥሩ ጋ መጣ። መደቤን ትቼው ስለመጣሁ ዝንብ እየወረረው ነው አለኝ። አልገባም። የሺ ምንም ሳትለው ጠላ ቀዳችና እሷው በሠራችው ኩባያ ከአጥሩ በላይ ሰጠችው። ተቀበለ። በሁለት እጁ ይዞ ጠላውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ከነኩባያው ወደ ቤቱ ሄደ።

“ባይጠጣውም ኩባያዬን ወስዷል” አለች የሺ። አለምነው ሳቀ።

አሁን መሽቷል። ኩባያው አልተመለሰም። ይጠጣው፣ ይድፋው አላየሁም፤ ስለዚህ አልጽፍም።