አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ እንዲታረምልኝ ስለ መጠየቅ

ለክቡር የሙያዎች ምዘና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤንነትዎ፣ በተለይም ስለ ቁርጭምጭሚትዎ እጠይቃለሁ። አዲሱ የቢሮዎ ወለል መሀሉ ላይ ካበጠ ወዲህ በሩ ከግማሽ በላይ አልከፈት ብሎ፣ ክቡርነትዎ በየማለዳው ጎንዎን አዙረውና ሆድዎን ስበው ከገቡ በኋላ ጉብታውን ተሻግረው ወንበርዎ ላይ እንደሚደርሱ ሰምቼ ከልቤ አዝኛለሁ። እግርዎን ከወለምታ፣ ልብስዎንም ከበሩ እጀታ ይጠብቅልን።

እኔ ጣውላና ፓርኬ በማንጠፍ ሃያ ሰባት ዓመት በጉልበቴ የሄድኩ አናጢ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው ጽሕፈት ቤትዎን ለማመስገን፣ ሦስት ቅሬታ ለማቅረብና አንድ ጥፋት ለመናዘዝ ነው። ጥፋቱ የራሴ ስለሆነ እንደማንኛውም ሰው ወደ መጨረሻው ገፍቼዋለሁ።

አንደኛ፦ ባለፈው ወር ባወጡት ጥናት የአናጢነትና የወለል ሥራ በማሽን የመተካት ዕድሉ ከመቶ ዘጠና ሁለት መሆኑን አሳውቀውናል። በትምህርት ቤት ዘመናችን ከመቶ አርባን ማለፍ ላቃተን ሰዎች በአንድ ቀን ዘጠና ሁለት ስለሰጡን ምስጋናችን የላቀ ነው። ይሁንና በዚሁ ውጤት መነሻነት የማሠልጠኛው የእንጨት ሥራ ክፍል በያዝነው ወር የመጨረሻ ዓርብ እንዲዘጋ፣ የሥራ ጠረጴዛዎቹ ተነቃቅለው እንዲወጡና በቦታው የማሽን ማሳያ እንዲከፈት ተወስኗል። በዚያ ክፍል የሚያስተምሩት እኔንም ያስተማሩኝ ሽማግሌ ናቸው። ጋሽ ውኃልክ እንላቸዋለን፤ ያለ ምንም መሣሪያ፣ በራፍ ላይ ቆመው በዓይናቸው ብቻ አንድ ወለል ወዴት እንዳዘነበለ ስለሚናገሩ ነው። ሚስታቸውን ከቀበሩ ወዲህ ከዚያ ክፍልና ከአሥራ ሁለት ተማሪዎቻቸው በቀር ጠዋት ተነስተው የሚሄዱበት የላቸውም።

ሁለተኛ፦ ወለል አንጣፊውን ማሽን ለሕዝብ ለማሳየት የራስዎን ቢሮ ወለል በሁለት ቀን ስላሠሩበት አመሰግናለሁ። እኔም ከተመልካቾቹ መካከል ነበርኩ፤ እውነቱን ለመናገር ቀንቻለሁ። ማሽኑ ከእኔ በላይ አጥርቶ ይቆርጣል፣ አይደክመውም፣ ጉልበቱን አያመውም፣ በሥራ መሀል ስልክ አያነሳም። ያዘዙትን ሁሉ ፈጽሟል፤ ያላዘዙትን ከየት ያምጣው? ጣውላዎቹ ከመኪና እንደወረዱ፣ ያውም በደረቁ ወራት፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ፀጉር በማያስገባ ጥበት ተነጠፉ። እኛ ከግድግዳው ሥር የአውራ ጣት ስፋት ክፍተት ትተን በዞኮሎ፣ ማለትም የግድግዳውን ሥር ተከትላ በምትሄደው ቀጭን ጣውላ፣ የምንሸፍነው ለጌጥ እንዳልሆነ የነገረው የለም። እንጨት ተቆርጦም እርጥበት ሲያገኝ ይሰፋል፤ መስፊያ ካጣ ደግሞ ወደ ላይ ይነሳል። ዝናቡ ገባ፣ ወለሉም ተነሳ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የእርስዎ ወለል ግን ለመልቀምም አስቸግሯል።

ሦስተኛ፦ ሦስተኛው ቅሬታዬ ለጥናቱ መልስ የሰጠው ሰው ሙያውን አያውቅም የሚል ነበር። ይህን ያገኘሁት ከጋሽ ውኃልክ አፍ ነው። የክፍሉ መዝጊያ ደብዳቤ የደረሳቸው ዕለት ከማሠልጠኛው ፊት ለፊት ሻይ ይዘን ተቀምጠን ሳለ፣ ከደብዳቤው ጋር የተያያዘውን ቅጽ ከፊት እስከ ኋላ አገላብጠው፣ «ይህን መልስ የሰጠ ሰው መጋዝ ጨብጦ አያውቅም» አሉ። እኔም ሻዬን አማሰልኩ። ስኳር አልነበረበትም።

ክቡር ሆይ፣ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከዚህ በላይ በምስጋና መሸሽ አልችልም። ያን ቅጽ ያስሞላሁት እኔ ነኝ።

የላኳት ጠያቂ ጨዋ ልጅ ነበረች። ያገኘችኝ የአንድ ሰው አዲስ ቤት ውስጥ ሳሎን ሳነጥፍ ሲሆን፣ ተንበርክኬ ስለነበር እሷም አጠገቤ ቁጢጥ ብላ አርባ አንድ ጥያቄ አንድ በአንድ አነበበችልኝ። ለእያንዳንዱ መልስ ሦስት ሳጥን ነበረው፤ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ። ችግሩ የቤቱ ባለቤት በሩን ተደግፎ ጆሮውን ሰጥቶን መቆሙ ነበር። እኛ ዘንድ ደግሞ ደንበኛ ፊት «ከባድ» የሚል ቃል አይወጣም፤ ከወጣ ሰውየው ሌላ አናጢ ያፈላልጋል። ይህንንም ያስተማሩኝ ጋሽ ውኃልክ ናቸው። ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ ጠማማ ግድግዳ ሥር ተቀምጬ ሳማርር ሰምተውኝ፣ «ሥራ ሲከብድህ ለእንጨቱ ንገረው እንጂ ለደንበኛ አትንገር» ብለውኛል።

ስለዚህ ቀላል ነው አልኩ። የጣውላውን ጅማት አይቶ ወዴት እንደሚጣመም ማወቅ? ቀላል ነው። አንኳኩቶ በድምፁ ድርቀቱን መለየት? ቀላል ነው። ቀጥ ያለ ግድግዳ በሌለው አሮጌ ቤት ውስጥ ቀጥ ያለ ወለል መሥራት? እሱማ በጣም ቀላል ነው። ልጅቷ ስትጽፍ ባለቤትየው በአድናቆት ራሱን ይነቀንቅ ነበር፤ እኔም እሱ ራሱን በነቀነቀ ቁጥር ደረቴ ይነፋ ነበር። አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ስንደርስ፣ እንጨቱ ከመነጠፉ በፊት ክፍሉ ውስጥ በሚቆይባቸው አሥር ቀናት ሠራተኛው ምን እንደሚሠራ ጠየቀችኝ። ስቄ «ምንም፤ መጠበቅ ብቻ ነው» አልኳት። እሷም «ሙያ አይጠይቅም» ብላ ጻፈች። ጽሕፈት ቤትዎ ሙያ የማይጠይቀውን አሥር ቀን ከሥራው ላይ አወጣው፤ ከዚያም የእርስዎ በር አልከፈት አለ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት እንደ እኔ ላለው ነው። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት ሳታዝንልኝ፣ «አንተ ዕቃ ማጠብም ቀላል ነው ትላለህ፤ አጥበህ ግን አታውቅም» አለችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እንቅልፍ የነሳኝ ግን የእሷ ነገር ሳይሆን ያ ያማሰልኩት ሻይ ነው። ያን ጊዜ «ጋሼ፣ እኔ ነኝ» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ሦስት ሳምንት ሙሉ አብሬያቸው ያልታወቀውን ሰውዬ ስረግም ከረምኩ፤ እንዲያውም እኔ ከእሳቸው የበለጠ እረግመው ነበር።

በእነዚያ አሥር ቀናት የሚሠራውን አሁን ልንገርዎ፤ ያን ጊዜ መናገር የነበረብኝ ነውና። ጋሽ ውኃልክ በየጠዋቱ መጥተው ከሥር ያለውን ጣውላ ወደ ላይ፣ ከላይ ያለውን ወደ ሥር ያዛውራሉ። አንዱን አንስተው ያሸቱታል፣ በጣታቸው መገጣጠሚያ ያንኳኩታል፣ ጉንጫቸው ላይ አድርገው ቅዝቃዜውን ያያሉ። የትኛው ፀሐይ በሚያርፍበት መስኮት ሥር እንደሚሆን፣ የትኛው ወደ ባኞ ቤቱ በር መጠጋት እንደሌለበት የሚወስኑት ያን ጊዜ ነው። መስኮት ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። «እንጨቱ ቤቱን ይልመድ» ይላሉ። ከሩቅ ላያቸው ሥራ የፈታ ሽማግሌ ይመስላሉ፤ እኔም ለልጅቷ የነገርኳት ከሩቅ ያለ ሰው የሚያየውን ነው።

ማሽን አንድ ቀን ይህንንም ሊችል ይችል ይሆናል፤ እኔ ነቢይ አይደለሁም። ግን የሚማረው ከእኛ አፍ ከሆነ፣ የእኛ አፍ ደግሞ እንዲህ ከሆነ፣ ይቺን ምድር ብዙ ጉብታ ይጠብቃታል። ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው ቅጹ እንዲመለስልኝና ማንም በር ላይ ሳይቆም ከአንደኛው ጥያቄ ጀምሬ እውነቱን እንድመልስ እንዲፈቀድልኝ፣ ይህም እስኪሆን ከዚያ ክፍል አንዲት የሥራ ጠረጴዛ እንዳትነቀል ነው። ቅጣት ካስፈለገም ቀጪ አይፈልጉልኝ፤ ቅጣቴን አስቀድሜ ተቀብያለሁ።

ይህን ደብዳቤ ለሕዝብ ከማውጣቴ በፊት ለጋሽ ውኃልክ አነበብኩላቸው። እጃቸው ያለው የብርጭቆ ወረቀት እንደቆመ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ። «እንደዚያ በል ብዬ ያስተማርኩህ እኔው አይደለሁ?» አሉና ጣውላቸውን ማለስለስ ቀጠሉ። ጥፋቴን እንኳ ለእኔ አልተዉልኝም።

ለማሽንዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለበርዎ ሰፊ መክፈቻ እየተመኘሁ፣

ሃያ ሰባት ዓመት ለሥራ፣ ዛሬ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቅርታ የተንበረከከው፣
የእርስዎ ታዛዥ ወለል አንጣፊ

ሳይረሳ፦ ትናንት ተላላኪዎ እስከ ማሠልጠኛው ድረስ መጥቶ፣ እንግዶች ስላሉብዎ የቢሮዎን ወለል ጋሽ ውኃልክ እስከ ሰኞ እንዲያስተካክሉልዎ ጠይቋል። ክፍላቸውን የሚዘጋው ደብዳቤ ላይ ያለው ፊርማ የማን እንደሆነ እያወቁ፣ እሳቸው እሺ ብለዋል፤ እኔም አብሬያቸው እመጣለሁ። ነገር ግን አዲሱ ጣውላ በጠረጴዛዎና በበሩ መካከል ተከምሮ አሥር ቀን መቆየት አለበትና እንግዶችዎ በመስኮት በኩል ቢያነጋግሩዎ መልካም ነው። ክቡርነትዎ ግን አይጨነቁ፤ በእነዚህ ቀናት የሚጠበቅብዎ ምንም ሙያ የለም። መጠበቅ ብቻ ነው። ቀላል ነው።