ስድስት ዓመት ስላስቀመጡኝ አግዳሚ ወንበር

ለተከበሩ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ ከራስ ጠጉራችሁ እስከ እግር ጥፍራችሁ፣ በተለይም ከወገባችሁ በታችና ከጭናችሁ በላይ ባለው ስፍራ፣ ፍጹም ጤና እንድትሆኑ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ተቀምጬ ነው። ተቀምጦ መጻፍ ለእርስዎ ምንም ላይመስልዎ ይችላል፤ ለእኔ ለልብስ ሰፊዋ ግን፣ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ ጎኔ ተንጋድጄ የስፌት መኪናዬን ፔዳል ስረግጥ ለኖርኩት፣ ሠርግና ምላሽ ነው።

ቀደም ሲል ሦስት ደብዳቤ በሐሳብ መስጫ ሳጥንዎ ከትቼ ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ እንደነገረችኝ የሳጥኑ ቁልፍ ከጠፋ ቆይቷል፤ ስለዚህ ይህኛውን አገር እንዲያነብልኝ በግልጽ ጻፍኩት። ቅሬታ እንዳይሉት፣ ምስጋና ነው፤ እንዳይምታታብዎም ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

1ኛ. ስለ አግዳሚ ወንበርዎ። በጤና ጣቢያዎ ተራ የሚያዘው በመቀመጫ ነው። ሐኪሙ አንድ ሰው ባስገባ ቁጥር ሁላችንም ፈቀቅ እንላለን፤ የተቀመጠ ተራ አለው፣ የቆመ የለውም። የኪንታሮት በሽተኛ በተሰነጠቀ ጣውላ ላይ አራት ሰዓት ሙሉ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ወደ ሕክምናው እንዲደርስ ያሰበውን ጭንቅላት ሳላደንቅ አላልፍም። አንድ ቀን ሲብስብኝ ብድግ ብዬ ግድግዳውን ተደግፌ ብቆም፣ ተረኛዋ ነርስ “እናት፣ ተራው እኮ ወንበሩ ነው፤ ወንበሩን ከለቀቁ ተራውን ለቀዋል” ብላ ወደ መጨረሻው ጫፍ ሰደደችኝ። መቆሜ ስለታመምኩ መሆኑን ባስረዳት “ታዲያ እዚህ ያልታመመ ማን አለ?” አለችኝ። እውነቷን ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮዬ የዩኒፎርም ቁርጥራጭ ሞልቼ ትራስ ሰፍቼ ይዤ ብመጣ፣ ጥበቃው “በንብረት መዝገብ ላይ የለም” ብሎ ወሰደብኝ። ዛሬ በር ላይ እሱ ተቀምጦበታል። ይመቸው።

2ኛ. ስለ ካርድ ክፍል ሠራተኛዎ ጉሮሮ። “የኪንታሮቷ እናት! ካርድዎ ወጥቷል!” ብሎ አዳራሹን ሲያናውጠው ከአጠገቤ የነበሩት የልጄ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውዬው ሰላም የሚሉኝ ጫማቸውን እያዩ ነው።

3ኛ. ስለ ሐኪምዎ። በስድስት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ፊቱ ቀርቤ አንድም ቀን ከወንበሩ ሲነሳ አላየሁትም። ደም አለው ወይ ይለኛል፣ አለው እለዋለሁ፣ ያው ኪንታሮት ነዋ ይልና ያንኑ ቅባት ይጽፍልኛል። ቅባቱ ሁለት ሳምንት ያበርደዋል፤ ከዚያ ሕመሙም ይመለሳል፣ እኔም ወደ ጣውላዬ እመለሳለሁ። እዚህ ላይ ጨዋታውን ልተወው፣ ክቡር ሆይ፣ ደሜ የሚፈላው እዚህ ላይ ነውና። ደም ሁሉ ኪንታሮት አይደለም። ሳያዩኝ ስድስት ዓመት ሲቀቡኝ ውስጤ ያለው የከፋ ነገር ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ይህን ደብዳቤ ማን ይጽፍልዎ ነበር?

ሐኪምዎ እረፍት በወጣ ጊዜ የተተካችው ወጣት ሐኪም ነች የገላገለችኝ። “እስከ ዛሬ ማንም አላየዎትም?” ብላ ፊቷ ተለዋወጠ፤ መጋረጃውን ስባ፣ ጓንቷን አጥልቃ፣ አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ መርምራኝ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ጻፈችልኝ። እዚያም ውስጤን በመሣሪያ አይተው ሌላ ነገር እንደሌለ ካረጋገጡ በኋላ፣ እብጠቱን ከሥሩ በትንሽ የጎማ ቀለበት አሰሩት፤ በሁለተኛው ቀጠሮ ተገላገልኩ። ውሃ ጠጪ፣ አትክልትና ጥራጥሬ አብዢ፣ መጸዳጃ ቤት ገብተሽ አታምጪ፣ በየሰዓቱ ከመኪናሽ ተነሺ አሉኝ። በቃ፣ ይኸው ነው! ያቺን ልጅ ግን እርስዎ ቢሮዎ ጠርተው “ወንበሩን አዘገየሽው” ብለው እንደገሠጿት ሰምቼ፣ ስለ ሥራ ቅልጥፍና ያለዎት አስተሳሰብ እጅግ አስገርሞኛል።

4ኛ. ይህን ሁሉ ያስጻፈችኝ ታናሽ እህቴ ናት። ስትጸዳዳ ደም ማየት ከጀመረች ሁለት ወሯ ነው፤ ልብሷንም ሰሞኑን ሁለቴ አጥብቤላታለሁ። ሆስፒታሉ ያለ ጤና ጣቢያዎ ሪፈር አይቀበላትም። እንሂድ ብላት “አንቺን ስድስት ዓመት የጎለቱሽ ቦታ እኔን አይጎልቱኝም፤ በሽታዬም በአዳራሽ አይለፈፍም” ብላ ድርቅ አለች። ለምኜ፣ አልቅሼ፣ ተቆጥቼ እሺ አሰኝቻታለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ይዣት እመጣለሁ። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ትቆማለች፤ በእሷ ፈንታ ጣውላው ላይ የምንፏቀቀው እኔ ነኝ። አሁን እችላለሁ፣ ዕድሜ ለዚያች ልጅ። ከእርስዎ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሐኪምዎ ከወንበሩ ተነስቶ ይመርምራት፣ መነሳት ከከበደውም ሪፈሯን ይፈርሙላት።

ለጣውላዎ ጥንካሬ፣ ለቅባትዎ አለመንጠፍና ለካርድ ክፍልዎ ጉሮሮ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት ደግሜ እየገለጽኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ (አሁን ጎንበስ ማለትም አያመኝም) እጅ እነሳለሁ።

አሥራ አንድ ጊዜ የተቀባችው ልብስ ሰፊ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ማክሰኞ እህቴ ሳትታይ ቅባት ይዛ ከወጣች፣ በቀጥታ ወደ ቢሮዎ ገብቼ ከጠረጴዛዎ ፊት ባለው ለስላሳ የእንግዳ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ስድስት ዓመት በጣውላ ያሠለጠኗት ሴት ምን ያህል መቀመጥ እንደምትችል ያን ጊዜ ያዩታል። ጥበቃውን ጠርተው እንዳይደክሙ፤ ወንበሩን እስካልለቀቅኩ ድረስ ተራው የእኔ ነው።