አሥራ ዘጠኝ ቀን ፊርማ የጠበቀችው ትንሿ መለኪያ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው እላለሁ። ድንገት ቢያምዎ እንኳ፣ የሚሰጥዎ መድኃኒት ጠብታ ሳይበዛ ጠብታ ሳያንስ ተለክቶ እንዲደርስዎ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ሚዛን ጠጋኝ ነኝ። ሙያዬን የተማርኩት የተበላሸ ሚዛን እየፈታሁ ስለሆነ፣ ስለ ጨረር ሕክምና አፌን ሞልቼ ለመናገር አልደፍርም። ይሁንና የእህቴ ልጅ ከግራ ዓይኗ ጀርባ ዕጢ በቅሎባት፣ እርስዎ ዘንድ አምስት ጊዜ ጨረር እንድትወስድ ታዝዞላታል። ሁለቱን ወስዳለች፤ ሦስተኛው ማክሰኞ ነው። ዕጢው የዓይኗን ነርቭ ተደግፎ ስለተቀመጠ፣ ጨረሩ ከበዛ ዓይኗ ይጠፋል፣ ካነሰ ዕጢው ይተርፋል። ልጅቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ እንጀራዋ ዓይኗ ነው። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነም በተራ ቁጥር ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

1. በሽተኛው ከመተኛቱ በፊት ያው ጨረር በፕላስቲክ ጭንቅላት ላይ እንደሚለቀቅና፣ ውስጡ በተሰካች መለኪያ መጠኑ እንደሚረጋገጥ የጨረር ባለሙያዎ በትዕግሥት አስረድተውኛል። ለእህቴ ልጅ የታዘዘው ጨረር ስፋቱ ሽምብራ ቢያህል ነው። ለዚህ የተሠራችው ትንሿ መለኪያ ከተሰበረች አራት ወር ስላለፋት፣ አውራ ጣቴን በምታህለው በትልቋ ተለክቷል። ትልቋ ከጨረሩ ስለምትሰፋ ጠርዟን ጨረሩ አያገኘውም፤ ስለዚህ ከእውነቱ አሳንሳ ታነባለች። ያነሰ መስሎት የሚጨምር ሰው ቢገኝ፣ የሚቃጠለው ፕላስቲኩ አይደለም። በሥራ ዘመኔ ወርቅ በእህል ሚዛን መዝንልኝ ያለ ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅምና፣ ዕውቀቴን ስላሰፉልኝ አመሰግናለሁ።

2. ባለሙያው ልኬቱ በተመዘገበበት ቅጽ ግርጌ «በትክክለኛው መለኪያ ይደገም» ብለው ጽፈዋል። ልክ በጽሑፋቸው ላይ የጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም «ተረጋግጧል» ይላል። እንዲህ ያለ ማኅተም እኔ ቢኖረኝ ሱቄን ዘግቼ እተኛ ነበር።

3. ቢሮዎ ስመጣ፣ ማሽኑ አዲስ ስለሆነ እንደማይሳሳት ገለጹልኝ። ይህንኑ ለእህቴ ልጅ ብነግራት፣ «አጎቴ፣ በናትህ አትነዝንዛቸው፤ ተናደው ይጨምሩብኛል» አለችኝ። ሳቅን። በኋላ ሳስበው ግን፣ ቢጨምሩባትስ በምን እናውቃለን?

ጎረቤት ሆስፒታል የራሱን ትንሽ መለኪያ ለአንድ ጠዋት ሊያውሰን ፈቅዷል። የሚጠይቀው የእርስዎን ፊርማ ብቻ ነው፤ ባለሙያው ያዘጋጁት ደብዳቤ ጠረጴዛዎ ላይ ከተቀመጠ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ሐኪሟ ሕክምናው ከተቋረጠ ዕጢው ያንሰራራል ብላናለች። ስለዚህ ልጅቱ ማክሰኞ ብትቀር ትጎዳለች፤ ሳይለካ ብትመጣም ዓይኗን ለዕድል ሰጥታ ነው የምትተኛው። እባክዎ እስከ ሰኞ ይፈርሙ። እስካሁን የወሰደችውም መጠን ስንት እንደነበረ፣ በትክክለኛዋ መለኪያ ተለክቶ በጽሑፍ ይነገረን።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ወንበርዎም እስከ ሰኞ ብቻ እንዲቆረቁርዎ እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የልብስ ሰፊዋ አጎት፣
ሚዛን ጠጋኙ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ተራ መጠበቂያው ክፍል ያለው የበሽተኞች ሚዛን በሰው ሁሉ ላይ አራት ኪሎ ይጨምር ነበር። ተራ ስንጠብቅ ፈትቼ አስተካከልኩት፤ አሥር ደቂቃ ፈጀብኝ። ሳላስፈርም በመሥራቴ ደንብ ጥሼ ከሆነ፣ ወደ ቀድሞ ስሕተቱ ልመልሰው ዝግጁ ነኝ።