የደጃፌ ቦት ጫማና የተፈረደብኝ ባል

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ኮርማክ ቲርኒ፣ በግብር ጽሕፈት ቤቱ የነጠላ ወላጆች ጉዳይ መርማሪ፤
ከኑአላ ማክጎወን፣ ሊትሪም፣ አየርላንድ።

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ፣ በተለይም የዓይንዎ ጤና፣ እንደምን ሰንብቷል? እኔና የዘጠኝ ዓመት ልጄ ክሎዳ፣ ባለፈው ወር ከላኩልን ደብዳቤ በቀር፣ ደህና ነን።

ከባለቤቴ ከፊንታን ከተፋታሁ ሁለት ዓመት ስለሆነኝ፣ ልጁን ብቻውን ለሚያሳድግ ወላጅ የሚሰጠው የግብር ቅናሽ እንዲፈቀድልኝ አመልክቼ ነበር። እርስዎም «በቤቱ አዋቂ ወንድ አብሮ እንደሚኖር ተረጋግጧል» ብለው ከለከሉኝ። ማስረጃዎ ደጃፌ ላይ ያለው አርባ አምስት ቁጥር የጎማ ቦት ጫማ ነው። እስከዚህ ገጠር ድረስ ደክመው መጥተው፣ ከመኪናዎ እንኳ ሳይወርዱ አመሻሽ ላይ ፎቶ ስላነሱልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ጥቂት ቅሬታዎች ግን አሉኝ።

፩. ጫማው የሟቹ አባቴ ነው። በእኛ ገጠር ብቻዋን የምታድር ሴት፣ ሌባ «ወንድ አለ» ብሎ እንዲያልፋት የወንድ ጫማ ደጇ ላይ እንደምታስቀምጥ ሕፃን ያውቃል። ፊንታን ጥሎን የሄደ ዕለት እናቴ «የአባትሽን ጫማ አውጪው ልጄ፣ ከውሻ ይሻልሻል፤ ቀለብ አይጠይቅ!» አለችኝ። ሌባ ማታለሉን እስካሁን አላውቅም፤ የተማረ ሰው ማታለሉን ግን እርስዎ በማኅተም አረጋግጠውልኛል።

፪. ደውዬ ይህንኑ ባስረዳዎት «እመቤቴ፣ ጫማ ብቻውን አይመጣማ!» ብለው ሳቁብኝ። ቀረብ ብለው ቢያዩ ኖሮ ውስጡ ሸረሪት እንዳደራበት ይመለከቱ ነበር፤ ግን ልብ ካላየ ዓይን አያይም። ጫማውን «ባልሽ ነው» ካሉኝም እሺ፤ አይሰክርም፣ አይሳደብም፣ ካስቀመጡት ቦታ ይገኛል። ፊንታን ከሦስቱ አንዱን እንኳ አልቻለበትም።

፫. ለእኔ የከለከሉትን ቅናሽ ለፊንታን ሰጡት። ፊንታን ሎንግፎርድ ከተማ ከአዲሷ ወዳጁ ከኦርላ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እንደሚኖር አገር ያውቃል። ምናልባት የኦርላ ጫማ ቤት ውስጥ ስለሚያድር ለምርመራዎ አልተመቸ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ላለው ቅሬታ ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም። ፊንታን ውሳኔዎን ይዞ ፍርድ ቤት ሄደ፤ «ከማይታወቅ ወንድ ጋር ስለምትኖር ልጄን ልውሰድ» ብሎ ከሰሰኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ጫማውን በየማታው ደጅ የምታወጣው ክሎዳ ነበረች። ትናንት ቁርሷን ትታ «እማ፣ ያወጣሁት እኔ ነኝ… በእኔ ጥፋት ነው የሚወስዱኝ?» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ እጠላዎታለሁ። ይህንንም የምጽፈው ከሚገባዎ አክብሮት ጋር ነው።

እርስዎ ለልጄ የነፈጓትን ሰላም ለልጆችዎ እየተመኘሁ፣ ለምርመራዎም ጥልቀት ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣
ሳላገባ የዳሩኝ አክባሪዎ፣
ኑአላ ማክጎወን

ማሳሰቢያ፦ ችሎቱ የፊታችን ሐሙስ ነው፤ ጠበቃዬ እርስዎን በምስክርነት ስላስጠራችዎ መጥሪያው እጅዎ ይደርሳል። ዳኛዋ አብሮኝ የሚኖረውን ሰው ስም፣ ዕድሜና መልክ መጠየቃቸው አይቀርምና ከወዲሁ ይዘጋጁ። እኔ ልረዳዎ አልችልም፤ ሰውየውን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።