ከእሙ ግቢ የወጣው መጥረቢያ

ሚስኪዬ፣ ደሴ እንዴት ናት?

ኮልፌ አክስቴ እሙ ቤት ነው ያለሁት። ትናንት ግቢው ውስጥ የሽንት ቤት ጉድጓድ ሲቆፈር፣ በሁለት በኩል የተሳለ፣ መዳፍ የሚያክል ጥቁር ድንጋይ ወጣ። ባሏ ጋሽ ግሩም ከፋሲካ ወዲህ አልጋ ላይ ናቸው። እሙ ድንጋዩን እንዳየች ጎረቤቷ እትዬ አስካለ ላይ ጮኸች፦ «ባሌን የጣለው ይሄ ነው! መተት ቀብረሽብኛል!»

እኛ ጋ ቢሆን ወዲያው ሽማግሌ ይጠራ ነበር። እዚህ ግን ሰዉ አጥሩን ከቦ በስልኩ ይቀርጻል። አንዱማ «ከሰፈር ትውጣልን!» አለ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ጨብጠው ቆሙ። እሙ ድንጋዩን ልታደቅቅ መዶሻ ስታነሳ፣ አርኪዮሎጂ ያጠናችው ተከራይዋ ኢህሳን ሮጣ እጇን ያዘቻት።

«እትዬ እሙ፣ በአላህ ይተዉት! የጥንት ሰው መጥረቢያ ነው። አዲስ አበባ ራሷ ሳትኖር የተጠረበ ነው!»

ስልኮቹ ቀስ በቀስ ወረዱ።

መጥረቢያውን ዛሬ ጠዋት ኢህሳን ለሙዚየም ሰዎች አስረከበች። እሙ ደግሞ ከዚያ ጀምሮ አስካለ ደጃፍ ድረስ እየሄደች ትመለሳለች። አሁን እያንኳኳች ነው፤ ከውስጥ ሬዲዮ ይሰማል፣ የሚከፍት ግን የለም።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እማማን ሳሚልኝ፤ ጓደኛችንን ነኢማንም በጣም ናፍቀሽኛል ብላለች በያት።

ቆይ፣ በሩ ተከፈተ! እትዬ አስካለ «ግሩም እንዴት ዋለ?» አሏት። እሙ እዚያው ደፉ ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች።

ማራኪሽ