ሁለት ሚሊሜትር ወደ ግራ ያዘነበለው መስቀል

ለተከበሩ ዶክተር ሉድቪኮ ፋንቲን
የሞንቴሬላ ከተማ ከንቲባ
ሰሜን ኢጣሊያ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ጤናዎ ተሟልቶ፣ ክንድዎም ለምረቃ ሪባን መቁረጫ በርትቶ ያገኝዎ ዘንድ እመኛለሁ። እኔ ኤርሲሊያ ቶንዴሎ ነኝ፤ ከሰባት ዓመት በፊት በመድኃኒት ቤቴ ጓዳ፣ የሳል ሽሮፕ ካርቶን ላይ ተቀምጠው የክርስቲያን መካከለኞች ኅብረትን ሲመሠርቱ ያስተናገድኩዎ። «ግራም ቀኝም የሰለቸውን ሕዝብ ሁሉ እናቅፋለን» ብለውን ነበር፤ ከእርስዎ ጋር አሥራ አንድ ሆንን። ቅሬታዎቼን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. ማተሚያ ቤቱ በአርማችን ላይ ያለውን መስቀል ከመሃል ሁለት ሚሊሜትር ወደ ግራ አድርጎ አተመው። ባለቤቴ ኦሬስቴ «ኧረ ማን ያየዋል!» አለ። ታናሽ ወንድሙ ኢላሪዮ ግን ማስመሪያ አውጥቶ ለካና «ዛሬ ሁለት ሚሊሜትር፣ ነገ ቀይ ባንዲራ!» ብሎ ጮኸ። በአንድ ቃል ሊያበርዱት ሲችሉ፣ ጥልቅ የመርሕ ጥያቄ ነው ብለው ጉባኤ ስለ ጠሩልን አመሰግናለሁ።

፪ኛ. ከዘጠኝ ሰዓት ክርክር በኋላ ድምፁ አምስት ለአምስት ሆነ። የቀረው የእርስዎ ድምፅ ብቻ ነበር፤ እርስዎም «ሊቀ መንበር መሃል ነው» ብለው ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ፓርቲያችን በተወለደ በአምስት ወሩ በዚያው አዳራሽ ፈረሰ።

፫ኛ. በሳምንቱ ከግራዎቹ፣ በዓመቱ ከቀኞቹ ጋር ታዩ፤ ዛሬ በሁለቱም ድጋፍ ከንቲባ ሆነዋል፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ወንድማማቾቹ ግን ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም። የአባታቸውን የወይን ቦታ በገመድ ከፈሉት፤ መጭመቂያው ግን አንድ ነው፣ እጀታውም ሁለት ሰው ይፈልጋል። አምና በመከር በግራና በቀኙ ቆመው አንዱ ሌላውን «ና» እስኪለው ሲጠብቁ፣ ወይኑን ተርብ በላው። ኦሬስቴ ቤት ገብቶ «እጁ የአባቴን እጅ መስሏል፣ አየሽው?» አለኝ።

ስለዚህ መጥተው በሁለቱ ፊት ስለ መስቀሉ አንድ ቃል እንዲናገሩልኝ ባመለክት፣ ጽሕፈት ቤትዎ «ክቡር ከንቲባው የተጠቀሰውን ፓርቲ አያስታውሱትም» የሚል ማኅተም ያረፈበት መልስ ላከልኝ። አባዝቼ ለሁለቱም ሰጠሁ። ኢላሪዮ ወረቀቱን እንደያዘ ግቢያችን መጥቶ «አንተ፣ አንብበኸዋል?» አለ። ኦሬስቴም «ና፣ እጀታውን ያዝ» አለው።

እኛ ለሰባት ዓመት ያቃተንን ዕርቅ በመርሳትዎ ብቻ ስለፈጸሙልን፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

የማያስታውሱት ፓርቲ አባል
ኤርሲሊያ ቶንዴሎ

ማስታወሻ፦ ከዘንድሮው ወይን አንድ ጠርሙስ ልልክልዎ አስቤ ነበር፤ ቀይ ይሻልዎታል ወይስ ነጭ ብዬ ብጠይቅዎ ግን ጉባኤ እንዳይጠሩብን ፈርቼ ተውኩት።